አይሱዙውን የምንጠራው እኛ ነን

የተከበራችሁ የዕድር ዳኞች፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ በየቀበሌው ለእርቅ የምትቀመጡ የአገር ሽማግሎች፤ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ለእኩዮቼ ነው። ወጣቱ ተናጋሪ አላጣም፤ ትራፊክ ፖሊሱ ይነግረዋል፣ መምህሩ ይነግረዋል፣ ሬዲዮው ሲመክረው ይውላል። እኛን ግን ደፍሮ የሚናገረን የለም። የሸበተን ሰው ፊት ለፊት የሚናገረው እኩያው ብቻ ስለሆነ፣ ቅር ብትሰኙም ስሙኝ። ለሰርግ፣ ለቀብርና ለንግሥ ሰውን በጭነት መኪና ማጓጓዝ ካላቆምን፣ የአንድ ቀበሌ ሰው በአንድ ቀን የምንቀብርበት ጊዜ ይመጣል። ይህን የምለው ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም፤ በዚሁ በአገራችን ሆኗል።

ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በሲዳማ ክልል፣ በቦና ዙሪያ ወረዳ፣ ሰርገኛ የጫነ አይሱዙ የጭነት መኪና ድልድይ ስቶ ገላና ወንዝ ገባ። 71 ሰው አለቀ፤ 68 ወንድ፣ 3 ሴት። ልጅ የዳረ ሰው ይህን ቁጥር ሲሰማ ነገሩ ወዲያው ይታየዋል። የሰርግ አጃቢ እንዴት ያለ እንደሆነ እናውቃለን፤ ሚዜው፣ የአጎት ልጁ፣ አብሮ አደጉ፣ ጎረቤቱ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ነው የሚሳፈሩት። በአውቶቡስ ከተማ ለከተማ የሚሄድ መንገደኛ ከየአገሩ የተሰባሰበ ነው። የሰርግ መኪና ሲገለበጥ ግን የሚሞተው አንድ መንደር ነው። አባትና ልጅ፣ ወንድምና ወንድም አብረው ይሄዳሉ፤ ቀባሪና ተቀባሪ ከአንድ ግቢ ይወጣል። ድንኳን የሚተክለው ጎረምሳ ራሱ ሬሳ ሆኖ ሲመጣ ዕድሩ ማንን ይዞ ያስተዛዝናል?

ሲዳማ ሩቅ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ በመጋቢት 2010 ከእኛው ከመንዝ አዋሳኝ በደቡብ ወሎ ለጋምቦ ወረዳ ተማሪዎች የበዙበት አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰው ሞቷል። ያ እንግዲህ ወንበር ያለው፣ ለሰው ተብሎ የተሠራ መኪና ነው። የእኛን ደጋ መንገድ በአውቶቡስ መጓዝም ከባድ ነው። በጭነት መኪና ካሶኒ ላይ ቆሞ መሄድ ምን ሊሆን እንደሚችል ከዚህ ተነሥታችሁ አስቡት።

አይሱዙውን የሚጠራው ማን ነው? ጎረምሳው አይደለም፤ ጎረምሳው ገንዘብም ቃልም የለውም። ሰርግ ሲቆረጥ ባለመኪናውን አስጠርቶ ዋጋ የሚነጋገር ሽማግሌ ነው። ሰው ሲሞት በዕድሩ ስም ደውሎ «መኪና ይምጣልን፣ ሕዝቡ ቀብር ሊደርስ ነው» የሚል የዕድር ዳኛ ነው። ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም ለመሄድ መዋጮ የሚሰበስብ የማኅበር ሙሴ ነው። ሾፌሩ «ስንት ሰው ነው?» ብሎ ሲጠይቅ «የቻለውን ያህል ነዋ!» የሚል መልስ የሚሰጠውም ከእኛ አንዱ ነው። ከዚያ ቃል በኋላ ሾፌሩ ሰው መቁጠር ያቆማል፤ ትልቅ ሰው ፈቅዶለታልና።

ሾፌሩ ሁልጊዜ የሚያመጣት አንዲት ክርክር አለች፤ ብዙ ሽማግሌ ስለምታሳምን ልዘርዝራት። «ይህ መኪና 50 ኩንታል እህል ተሸክሞ ዳገት ይወጣል፤ ሰው ምን ይከብደዋል?» ይላል። በሒሳብ ብቻ ካያችሁት እውነቱን ነው። 80 ሰው አንዱ በአማካይ 60 ኪሎ ቢመዝን 48 ኩንታል ይሆናል፤ ከእህሉ ያንሳል እንጂ አይበልጥም። መኪናውን የሚጥለው ግን ኩንታሉ አይደለም። ጆንያ ይጋደማል፤ አንዱ ባንዱ ላይ ተረጋግጦ፣ በገመድ ታስሮ፣ ክብደቱን ወደ ታች ጥሎ ይሄዳል። ሰው ቆሞ ነው የሚሄደው፤ ክብደቱም ከወለሉ ከፍ ብሎ ይንጠለጠላል። መኪናው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ሰማንያው ሰው በአንድ ጊዜ ወደ ግራ ያዘነብላል። አንዱ ሲወድቅ ሌላውን ይዞ ይወድቃል፤ ሁሉም በገደሉ በኩል ወዳለው ስፖንዳ ይከመራል። ስፖንዳው ለጆንያ ተለክቶ የተሠራ እንጂ የቆመ ሰው ሊይዝ የተሠራ አይደለም። በዚያ ላይ ይጨፈራል። የሰርግ መኪና ላይ ሆ ሲባል፣ ሁሉም በአንድ ምት ሲዘል፣ መኪናው ከነጎማው ሲወዛወዝ ያላየ ከመካከላችን የለም።

እኔ የመንዝ ሰው ነኝ። ከመሐል ሜዳና ከሞላሌ በመዘዞ በኩል ጣርማበር የሚወጣውን፣ ከዚያም በዋሻው አልፎ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን መንገድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጣርማበር ላይ ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነን። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ወርደናል፤ ይህ ሁሉ ቁልቁለት 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ላይ ነው። ከላይ ጉም ይወርዳል፤ ጉሙ ሲከብድ ከፊት የሚሄደው መኪና መብራት እንኳ አይታይም። በእንዲህ ያለ ቁልቁለት ፍሬን ብቻውን መኪና አያቆምም። ሾፌሩ ፍሬኑን ረግጦ ረግጦ ሲወርድ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፤ ሲግል መያዙን ይተዋል፤ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ቢረግጡትም አይሰማም። የሚያድነው ዳገቱን በወጣበት ከባድ ማርሽ ሞተሩ እየያዘው ቀስ ብሎ መውረድ ነው።

ናፍጣ ግን ተወዷል። በ2017 የአንድ ሊትር ዋጋ ወደ መቶ ብር ሲጠጋ አይተናል። አንዳንዱ ሾፌር ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ቁልቁለቱን በፎሌ ይለቀዋል፤ ማርሹን አውጥቶ መኪናውን በራሱ ክብደት ያንደረድረዋል ማለት ነው። ይህን ለማወቅ መንጃ ፈቃድ አያስፈልግም። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ማጓራቱን ትቶ ጸጥ ካለ፣ የሚሰማው የጎማና የንፋስ ድምፅ ብቻ ከሆነ፣ በፎሌ ነው። ያን ጊዜ ጋቢና የተቀመጠ ሰው «ማርሽ አስገባ» ማለት አለበት፤ እምቢ ካለ «አቁም» ማለት አለበት። ጋቢና የሚቀመጠው ደግሞ ሁልጊዜ እኛ ነን። ይህን ሳስበው እንቅልፍ ይነሣኛል። መንገደኛው ሲሳፈር «አባባ ከፊት ይግቡ» ይባላል፤ በሩ ይከፈትልናል፤ በጋቢያችን ተጠቅልለን እንቀመጣለን። ያስታረቅነው፣ የዳርነው፣ ክርስትና ያነሣነው ልጅ ከኋላችን በብርድና በአቧራ ቆሟል። ከፊት መቀመጥ ክብር ከሆነ ኃላፊነትም አለው፤ ከአሁን በኋላ ጋቢና የሚገባ ሽማግሌ ስለ ኋላው ሰው እንደሚጠየቅ አውቆ ይግባ።

በሰርግና በቀብር ላይ ድምፄን ከፍ ያደረግሁት እዚያ ላይ ሥልጣኑ በእጃችን ስላለ ነው። የአዘቦቱ ጉዞም ከዚህ ብዙ አይሻልም። ከ2003 ጀምሮ ዩራፕ በምንለው የገጠር መንገድ ፕሮግራም ብዙ ቀበሌ ከወረዳው ከተማ ጋር በጠጠር መንገድ ተገናኝቷል፤ ሕዝቡም በጉልበቱ ቆፍሯል፣ ድንጋይ ተሸክሟል። መንገዱ መጣ፤ በመንገዱ የሚመላለስ የሕዝብ መኪና ግን በብዙ ቦታ አልተመደበም። ባለሚኒባሱ የሚመጣው በገበያ ቀን ነው፤ ያን ቀን ሰው ይበዛለታላ። በሌላው ቀን ያለው ባጃጅ ነው፤ ሞተር ነው፤ እሱም ከጠፋ በእግር ነው። ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ዓርብ ማታ ስንቅ ሊያመጣ ወደ ቤቱ ሲነሣ ያገኘው ላይ ይንጠለጠላል። በገበያ ቀን ሚኒባሱ ውስጥ መቀመጫው ሲሞላ ረዳቱ ዱካ ያወጣል፤ ዱካው ሲሞላ «ተጠጉ፣ ለአንድ ሰው» ይላል። ኬላው ሲቃረብ ደግሞ «ትርፎች ጎንበስ በሉ» ይላል።

እዚህች ላይ ትንሽ ልቆይ። ጎንበስ በሉ ሲባል የሚጎነበሰው ማን እንደሆነ ልብ ብላችሁ አይታችኋል? ዶሮዋን በብብቷ ይዛ የቆመች እናት ትጎነበሳለች። መቋሚያ የያዘ አዛውንት ራሱን በሰው ጉልበት መካከል ይደብቃል። የተቀመጠውም ነጠላውን ዘርግቶ ይሸፍንላቸዋል። መኪናው ሙሉ ሰው አንድ ሾፌር ከቅጣት ለማዳን ይተባበራል፤ ኬላው ሲታለፍም ሁሉም እፎይ ይላል። ትራፊክ ፖሊሱ ሊያስቆም የመጣው እኛኑ ሊያድን መሆኑን ረስተን ከሾፌሩ ጋር ወግነን እንደበቀዋለን። ታሪፍ ላይ አምስት ብር ሲጨመርብን ግን መናኸሪያው እስኪናወጥ እንከራከራለን። ለአምስት ብሩ ያለን ድፍረት ለነፍሳችን የት ይሄዳል? አንድ ትልቅ ሰው ብድግ ብሎ «ትርፍ ሰው ይውረድ፤ ካልሆነ ሁላችንም እንወርዳለን» ቢል ሌላው ይከተለዋል። አይቼዋለሁ፤ ይከተላል። የሚጀምረው ነው የጠፋው።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን ከአደጋው በኋላ የምናደርገው ነው። ወንድሞቼ፣ እዚህ ላይ አታድበስብሱ። መኪና ተገልብጦ ሰው ሲሞት በሦስተኛው ቀን የሾፌሩ ወገን ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌው ድንጋይ ተሸክሞ፣ ታቦት ጠርቶ፣ ከሟች ቤት ደጃፍ ይንበረከካል። እርቅ ደግ ነገር ነው፤ ደም እንዳይፈላለግ፣ ሁለት ዘመድ እንዳይተላለቅ አባቶቻችን ያቆዩልን ነው፤ እኔም አከብረዋለሁ። የእኛ እርቅ ግን ከዚያ አልፎ ይሄዳል። «ጉዳዩ ፖሊስ ዘንድ እንዳይገፋ» ይባላል። ምስክሩ «አላየሁም» እንዲል ይለመናል። በካሶኒው ላይ ስንት ሰው እንደነበረ ሲጠየቅ ቁጥሩ ይቀነሳል። ለሟች ሚስት ለባልቴቲቱ በሬ ወይም ጥቂት ገንዘብ ይሰጣትና እጇን ይዘው ያስፈርሟታል።

በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል። ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው የሞተ እንደሆነ፣ ወይም ጥፋተኛው ደንብ እያወቀ የጣሰ እንደሆነ፣ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ነው። ይህ በሽማግሌ ሰነድ የሚፋቅ ነገር አይደለም። የሚፋቅ መስሎት ምስክር የሚያባብል ሽማግሌም ራሱን በሌላ ወንጀል ውስጥ ያገባል። ይህ አንዱ ነው። ሌላው የባልቴቲቱ ነገር ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ባለመኪና ሁሉ የሦስተኛ ወገን መድን ሊገባ ግድ ነው። መድን ድርጅቱ ካሳ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚፈልገው የፖሊስን የአደጋ ሪፖርት ነው። እኛ ነገሩን በእርቅ ሸፍነን ሪፖርቱ ሳይጻፍ፣ ወይም ተዛብቶ ሲጻፍ፣ ያቺ ሴት በሕግ የምትጠይቅበትን መንገድ በገዛ እጃችን ዘግተንባታል ማለት ነው። ለዕቃ በተመዘገበ መኪና ሰው ተጭኖ ሲገኝ ደግሞ ክርክሩ ይከብዳል፤ እውነተኛ ሪፖርት ይበልጥ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ልጆቿን በበሬው ዋጋ ስንት ዓመት ታሳድጋለች? አስታርቁ፤ ደም አድርቁ፤ የሟችና የገዳይ ወገን በአንድ ደብር እንዲያስቀድሱ አድርጉ። የፖሊስን እጅ ግን አትያዙ። የሌላ ቀበሌ ሾፌርም ያያችኋል፤ በሽማግሌ እንደሚወጣ ካወቀ ነገም ሰማንያ ሰው ይጭናል።

«ታዲያ በምን እንሂድ?» ትሉኛላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ለይቼ ላስቀምጥ። ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ካለች፣ አምቡላንሱም መድረስ ካልቻለ፣ በተገኘው መኪና ጋቢና አስቀምጣችሁ ውሰዷት፤ በዚህ ማንም አይወቅሳችሁም። ነፍስ ለማዳን አንድ ሰው በጋቢና መውሰድና ለጭፈራ ሰማንያ ሰው በካሶኒ ማቆም አንድ አይደለም፤ ሁለቱን እያቀላቀላችሁ ምክንያት አታድርጉት።

ለሰርግና ለቀብር መፍትሔው የሚጀምረው የሚሄደውን ሰው ከመቀነስ ነው። ሙሽራ ለማምጣት ሰማንያ አጃቢ ይሂድ ያለው ማን ነው? ልማድ ነው፤ ልማዱን የምናጸናውም የምናሻሽለውም እኛ ነን። ጥሎሽን የቀነሱ፣ የሰርግ ቀን ያሳጠሩ፣ የተዝካር ድግስ ያስቀሩ አካባቢዎች አሉ፤ ያደረጉትም ሽማግሎች ተቀምጠው ተማክረው ነው። የአጃቢም ቁጥር እንዲሁ ይወሰን። አንድ ቅጥቅጥ በወንበሩ የሚይዘው ያህል ይሂድ፤ የቀረው ቤት ሆኖ ሙሽራዋን ይቀበል። ቀብርም ሩቅ ከሆነ ዕድሩ ወኪል ይላክ፤ ሌላው በሰልስቱ፣ በአርባው ሊደርስ ይችላል። ያልሄደ ሰው በሐዘንተኛው ዘንድ እንዳይወቀስ ዕድሩ ቀድሞ ቃል ያስገባ። ሰው ካሶኒ ላይ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ወዶ አይደለም፤ «ቀረ» መባልን ፈርቶ ነው። ይህን ፍርሃት ከላዩ የምናነሣለት እኛ ነን።

ገንዘብ የለንም ለሚለው፣ አውቶቡስ ኮንትራት መያዝ ከአይሱዙ ይወደዳል፤ አልክድም። ሰው ካነሰ ግን ልዩነቱ ይጠባል። አንድ ቅጥቅጥ ሁለት ጊዜ ቢመላለስም ይቻላል፤ ቀድሞ መነሣት ብቻ ነው የሚፈልገው። ወደ ወረዳው ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ ሄዶ ለኮንትራቱ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ሾፌሩ መንጃ ፈቃዱን፣ መኪናው ቦሎውን ያሳይ። ስታዩትም አታፍሩ። ለልጃችሁ ባል ስትመርጡ ዘሩን እስከ ሰባት ቤት ትቆጥራላችሁ፤ መላ ዘመዳችሁን የምታስረክቡትን ሰው ወረቀቱን አሳየኝ ማለት ነውር ሊሆን አይችልም። የጠጣ ሾፌር አይነዳም። በሰርግ ቤት ሾፌሩን ጠላ ቅዱለት፣ አረቄ ጨምሩለት እያልን የምናከብረው ነገር ይቁም፤ ምሳውን ይብላ፣ ቡናውን ይጠጣ፣ ይተኛ። መሸ ከተባለም እንግዳው እዚያው ይደር። ሰርገኛን ማሳደር የማያውቅ አገር አይደለንም።

ለአዘቦቱ ጉዞ ደግሞ በግል የሚደረገው ጥቂት ነው፤ በጋራ መጠየቅ ይሻላል። ዕድሮቹ ተሰባስበው፣ በየትኛው ቀን፣ ከየትኛው ቀበሌ፣ ስንት ሰው ወደ ከተማ እንደሚወጣ ቆጥረው፣ በጽሑፍ ለወረዳው ያቅርቡ። «መኪና ስጡን» ብቻ ብሎ መጮህ የሚሰማ አይደለም። «ማክሰኞና ዓርብ ከዚህ እስከዚያ አንድ ሚኒባስ ቢመላለስ ይህን ያህል ሰው ያገኛል» የሚል ደብዳቤ ግን ስምሪት ሰጪውም፣ ባለመኪናውም ያነበዋል። ይህ ከአቅማችን በላይ አይደለም። ሕመምተኛ በወሳንሳ ተሸክመን ሐኪም ቤት የምናደርስ ሰዎች ነን፤ ተራ አውጥተን፣ የቀረውን ቀጥተን፣ ሌሊት ሌሊት ገደል ወጥተን ወርደን። ያንን ሥርዓት ያወጣ ሽማግሌ ይህንንም ማውጣት አያቅተውም።

ጥምቀት ካለፈ እስከ ዐቢይ ጾም መያዣ ባለው ጊዜ ሰርግ ይበዛል፤ ሽማግሌም ይላካል፣ ቀንም ይቆረጣል። ስለዚህ ነገሩ እስከ ጥር ሊቆይ አይገባም። በሚቀጥለው ወር የዕድር ስብሰባችሁ ላይ በአጀንዳ ያዙት። ዕድራችን በጭነት መኪና ሰው እንደማያጓጉዝ፣ በጭነት መኪና ለሚሄድ ሰርግ ድንኳንና ዕቃ እንደማያከራይ፣ ጋቢና የገባ ሽማግሌ ስለ ኋላው ሰው እንደሚጠየቅ፣ የመኪና አደጋ እርቅ ከፖሊስ ሪፖርት በፊት እንደማይጀመር በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ ይጻፍ፤ አባላቱም ይፈርሙበት። ቅጂውን ለቀበሌው፣ ለወረዳው ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤትና ለትራፊክ ፖሊሱ ስጡ። በመናኸሪያው ላሉት የአይሱዙ ባለቤቶችም ሁለት ሦስት ሆናችሁ ሄዳችሁ በአፍ ንገሯቸው፤ ከእናንተ ቢሰሙት ይሻላል፤ በጥር ስትደውሉላቸው የሚጠይቁትን ያውቃሉ።